የተመለሰው ኬክ

እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት ድረስ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ፣ አንድም ቀን ኬክ ጋግሬ አላውቅም ነበር። ቀን ቀን በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ጀርባ ቆሜ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ግጥም ብጤ እሞነጫጭራለሁ። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ እጄ የሚያውቀው ሙያ የለም። ያን ምሽት ግን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምንኖርባት አፓርታማ፣ በጠባቧ ወጥ ቤት፣ ሽርጥ ታጥቄ፣ ፊት ለፊቴ አንድ ዱባ አስቀምጬ፣ ቢላዋውን በየት በኩል እንደምሰድበት ግራ ገብቶኝ ቆሜ ነበር።

ዱባው የሀሎዊን ነው። አሜሪካኖች በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ደጃፋቸውን በተፈለፈለ ዱባና በላስቲክ አጽም ያስጌጣሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ጭንብል አጥልቀው፣ ከረጢት አንጠልጥለው፣ በየቤቱ ከረሜላ ሲሰበስቡ ያመሻሉ። እዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ወደደም ጠላም ይህን ምሽት ያውቀዋል። እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ከሩቅ አይቼው አልፌ ነበር። ዘንድሮ ግን በሽታው ቤቴ ገባ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ከነጭ ወረቀት ቆርጣ፣ መገጣጠሚያውን በክር አያይዛ የሠራችውን አጽም ከትምህርት ቤት ይዛ መጣችና በራችን ላይ ለጠፈችው። እጁ ሲነኩት ይወዛወዛል። በስልክ አሳይታኝ ስለ ነበር ከሥራ ስመለስ ላደንቅላት ተዘጋጅቼ ነበር። ስደርስ በሩ ላይ ምንም የለም። አጽሙን ያገኘሁት ወጥ ቤት፣ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አንድ እጁ ብቅ ብሎ ነው። ልጄ መኝታ ቤቷን ዘግታ ታለቅሳለች። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን እንደ ተከናነበች መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ውጭ ውጭውን ታያለች።

እናቴ ከጎንደር የመጣችው በሐምሌ ነው፤ አባቴ ካረፈ ከሦስት ወር በኋላ። አባቴ ያረፈው ሚያዝያ 23 ቀን ነበር። ቀብሩ በማግስቱ ስለ ሆነ አልደረስሁም። ከደረሱ በኋላ የሚሄዱበት ቀብር ምን ይጠቅማል ብዬ ቀረሁ፤ ይልቁንስ እሷን ላምጣ አልሁ። ከመጣች ጀምሮም ስለ እሱ ብዙ አልተነጋገርንም። እሷ አላነሳችም፤ እኔም ማንሳቱን ፈራሁ።

«እማዬ፣ ምነው? የልጅ ጨዋታ እኮ ነው» አልኋት።

«የሰው አጥንት የልጅ መጫወቻ ሲሆን አላየሁም» አለች ፊቷን ከመስኮቱ ሳታነሳ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል። የእነሱ ለእነሱ፤ የእኛ ለእኛ።»

ሌላ አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ ተዉ። ልጄ አማርኛዋ ከመጀመሪያውም የተንጠባጠበ ነው፤ አሁን ጭራሽ ከአያቷ ጋር ላለመነጋገር ምክንያት አገኘች። ረቡዕ ማታ ሳስተኛት በእንግሊዝኛ «እማማ አትወደኝም» አለችኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ያን ሳምንት ሌሊት ሌሊት ነበር ተራዋ። ሁለቱን የማስታረቁ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ለማስታረቅ የሚበቃ አንደበት የለኝም። ወረቀት ላይ ካልሆነ ቃል አይመጣልኝም።

ልጄ ዓርብ ዕለት ክፍላቸው ውስጥ ትንሽ ግብዣ እንዳለ፣ የዱባ ኬክ ይዤ እንደምመጣ ለጓደኞቿ እንደ ተናገረች የነገረችኝ በዚህ መሐል ነው። «እሺ» አልኋት። እሺ ያልሁት ለእሷ ብቻ ብዬ አልነበረም።

ወሩ የጽጌ ወር ነው። እናቴ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብጽ የተሰደደችበትን እያሰበች ትጾማለች። የፈቃድ ጾም ነው፤ ማንም አያስገድዳትም። በዚያ ላይ ኦክቶበር 31 ዘንድሮ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት፣ ቀኑም ዓርብ። ስለዚህ ኬኩ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት የማይነካው መሆን አለበት አልሁ። እናቴ ባትበላው እንኳ ልትበላው የምትችለው ይሁን ብዬ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ዱባ ትልቅና የሚያምር ነበር። ሊፍት ውስጥ ከፊት ለፊታችን በር የሚኖሩት የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ አገኙኝ። ባላቸው ከሞተ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከእናቴ ጋር ቋንቋ ሳይገናኙ በእጅና በፈገግታ ሰላም የሚባባሉ ሴት ናቸው። ዱባውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ለመብላት ነው ለመፈልፈል?» አሉኝ። ለመብላት ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማብሪያ የሚፈለፈለው ትልቁ ዱባ ውኃና ጭረት ብቻ ነው፤ ለምግብ የሚሆነው ትንሹ፣ ሥጋው ጥቅጥቅ ያለው ነው። ተመልሼ ለወጥሁት።

ትንሹን ዱባ ለሁለት ከፈልሁት። በማንኪያ ሆዱን ጠርጌ ፍሬውን ወደ መጣያው ልገለብጥ ስል ከኋላዬ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ፍሬውን ልትጥለው ነው?»

ከእጄ ተቀበለችኝ። አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው፣ ጨው ነስንሳ በመጥበሻ ቆላችው። ዱባውን ለምን እንደ ከፈልሁት አልጠየቀችም። ወንድ ልጇ ሽርጥ ታጥቆ በማየቷም አልሳቀችም። ፍሬውን በሰሐን አድርጋ፣ ጥቂት ለእኔ ትታ ሄደች። ያን ምሽት ያናገረችኝ ይህን ብቻ ነው።

ዱባውን በ400 ዲግሪ ፋራናይት አንድ ሰዓት ያህል ጋገርሁት። ሥጋው ሲልም በማንኪያ ከልጣጩ አላቅቄ ፈጨሁትና ውኃው እንዲወርድ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልሁት። ከዚያ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሁለት ኩባያ የማይሞላ ዱባ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ሶዳውን የሚያስነሳ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ጥቂት ቅርንፉድና ገውዝ፣ ቁንጥር ጨው። እናቴ በዓይኗ የምትመጥነውን እኔ እየሰፈርሁ፣ እየደገምሁ፣ እንደ ባንክ ሒሳብ እያመሳከርሁ ጨመርሁ። ያለ እንቁላል እንዴት ይያያዛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ለካ የሚያያይዘው ዱባው ራሱ ነው፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ዱቄቱን ያቅፋል፣ ዘይቱንም ያሳንሳል። በ350 ዲግሪ ሃምሳ ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ቀረኝ።

በእነዚያ ሃምሳ ደቂቃዎች ውስጥ የእናቴ ተረት በጆሮዬ እየተመላለሰ ስለ ዱባ አነበብሁ። ዱባ ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ሜክሲኮ፣ ኦሃካ ውስጥ ካለ ዋሻ ዕድሜው 10,000 ዓመት ገደማ የሚሆን የዱባ ፍሬ ተገኝቷል። ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ልጅ ነው። እናቴ የእነሱ ለእነሱ ያለችው ዱባ፣ ጎንደር ጓሯችን ውስጥ በአጥር ላይ የሚንጠላጠለው፣ በርበሬ ነስንሳ በጾም የምትሠራው ዱባ፣ ከዚህ ሄዶ እዚያ የበቀለ ስደተኛ ኖሯል። አበቃቀሉ ለየቅል ያለው ሰው ይህን ሳያውቅ እውነቱን ተናግሯል።

ሀሎዊንም ራሱ ስደተኛ ነው። ስሙ የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን ቅዱሳንን ሁሉ፣ በማግስቱም ሙታንን ታስባለች። ከዚያ በፊትም አየርላንዶች የመከር ማብቂያና የክረምት መግቢያ አድርገው የሚያከብሩት ሳምሄን የሚባል በዓል ነበራቸው። ፋኖስ የሚፈለፍሉት ከዱባ አልነበረም፤ ተርኒፕ ከሚባል፣ ከመሬት በታች ከሚያፈራ ሥራ ሥር ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. የድንች በሽታ ገብቶ ለዓመታት የዘለቀ ራብ ሲሆን አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያም የሚበልጥ ተሰደደ። ብዙዎቹ የሄዱት ወደ አሜሪካ ነበር፤ በዓላቸውንም ይዘው ሄዱ። እዚህ ሲደርሱ ከተርኒፕ የሚተልቅ፣ ለመፈልፈልም የሚቀል ዱባ አገኙ። በራብ አገሩን የለቀቀ ሕዝብ በሰው አገር ዱባ ላይ መብራት ያበራበት ምሽት ነው እንግዲህ። ይህን ለእናቴ ልነግራት አስቤ ነበር። ግን በሯ ተዘግቷል።

ኬኩ ወጣ። ስንጥር ወጋሁበት፤ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። መልኩ እንደ ጥቅምት ማር ቀይ ነው። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ።

ጠዋት ልጄ የንብ ልብሷን ለብሳ፣ ክንፏን አስተካክላ፣ እኔ ኬኩን ይዤ ሄድን። በትምህርት ቤቱ መግቢያ የተቀመጠችው ሴት በጣም በትሕትና ከሱቅ የተገዛ፣ የታሸገና የተሠራበት ነገር ሁሉ በላዩ የተጻፈበት ካልሆነ ከቤት የመጣ ምግብ እንደማይቀበሉ ነገረችኝ። ለውዝና እንቁላል የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ደብዳቤ ልከናል አለች። እውነቷን ነበር፤ ደብዳቤው ከልጄ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ፤ አላነበብሁትም። ልጄ አላለቀሰችም። ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ ብቻዋን ገባች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ኬኩን ልመልስ ቤት ደረስሁ። እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ በሩን ከፈተችልኝ።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«አልተቀበሉትም። ከቤት የተሠራ አይገባም አሉ።»

«ከቤት የተሠራ?» ቃሉን ደገመችው። እናቴ በሰባ ዓመቷ ብዙ ነገር አይታለች፤ ከሰው ደጅ የተመለሰ እህል ግን አይታ አታውቅም። ምክንያቱን፣ የልጆቹን ሕመም፣ ያላነበብሁትን ደብዳቤ አስረዳኋት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። መጋገሪያውን ከእጄ ተቀበለች።

«እንቁላል አለው?»

«የለውም።»

«ቅቤ?»

«በዘይት ነው። የጾም ነው እማዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ዓይኗን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሂድ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል» አለች። «የማርያም ዕለት ከቤት የወጣ እህል እንዲሁ ተመልሶ አይቀመጥም።»

ባንክ ውስጥ ያን ቀን አንዷ ባልደረባዬ ጠንቋይ፣ ሌላው የባሕር ወንበዴ ሆነው ዋሉ። አንድ ደንበኛ «አንተስ ምን ሆነህ ነው?» ቢለኝ «የባንክ ሠራተኛ» አልሁት፤ ሳቀ። ትምህርት ቤቱን ልቀየም ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እኔም በዚያ መስኮት ጀርባ ቆሜ መታወቂያ ያልያዘ ሰው ስንት ጊዜ በትሕትና መልሻለሁ። ደንቡ ልክ ነው። ልክ የሆነ ደንብ ግን የልጅን ክንፍ ሰብሰብ ያደርጋል፤ ይህንን ከመስኮቱ ማዶ ሆኜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ ስገባ ቤቱ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ረከቦቱ ተዘርግቷል፤ ፈንዲሻው ተነስንሷል፤ ኬኩ ነጭ የመሶብ ልብስ ለብሶ መሐል ተቀምጧል። የኤል ሳልቫዶሯ ጎረቤታችን ሶፋው ላይ አሉ። እናቴ በራቸውን አንኳኩታ፣ በእጇ ጎትታ ያመጣቻቸው ናቸው። ልጄ ከነክንፏ በር አጠገብ ቆማለች፤ ግባም ውጣም አላለቻትም ማንም።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አለች እናቴ ወደ ልብሱ እያየች።

«ንብ ናት» አልሁ።

«ንብማ የጽጌ ናት። ነይ፣ ቅረቢ።»

በስመ አብ ብላ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ለልጄ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ሁለተኛውን ለጎረቤታችን፣ ሦስተኛውን ለእኔ። በመጨረሻ ለራሷ ትንሽ ቁራሽ አንሥታ ቀመሰች፤ ምንም አላለችም፤ ግን ጨረሰችው።

ጎረቤታችን ኬኩን ቀምሰው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለልጄ አንድ ነገር ነገሯትና ወደ እናቴ አመለከቱ፤ ንገሪልኝ ማለታቸው ነው። ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔም ሆነ ብዬ ሲኒዬን አነሣሁ። አማራጭ ስታጣ ወደ አያቷ ዞረች።

«እማማ… እሷ አገር… የሞቱ ሰዎች ቀን አለ። ኖቬምበር ሁለት። ዱባ ይበላሉ። በ… በቡናማ ስኳር ይቀቅላሉ። የሞቱትን… እንዲያስቡ። የእሷ ባል ሞቷል።»

ከማክሰኞ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ አማርኛ ነው። እናቴ እያንዳንዱን ቃል በራሷ ንቅናቄ ተቀበለች።

«ተዝካር ነዋ» አለች። «በያት፣ እኛም አለን በያት። ለአርባው፣ ለሰማንያው፣ ለመንፈቁ፣ ለዓመቱ ሰው ጠርተን እናበላለን በያት።» ከዚያ ለሁላችንም ይሁን ለማንም ሳይታወቅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የአባትሽ አባት መንፈቅ ማክሰኞ ነበር» አለች።

ልጄ ይህንን አልተረጎመችውም። እኔ ግን ሲኒዬን አስቀመጥሁ። ሚያዝያ 23። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ አምስት የጳጉሜን ቀናት፤ መስከረም። ጥቅምት 18 ላይ ልክ 180 ቀን ይሞላል። እናቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ እዚህ አገር ጠርታ የምታበላው ሰው አጥታ፣ ብቻዋን ባሏን ስታስብ በዋለችበት ቀን ነው እጁን የሚያወዛውዝ አጽም በሯ ላይ ያገኘችው። በቀን ስንት ሺህ ብር ቆጥሬ ሳንቲም የማይጎድለኝ ሰው፣ የአባቴን 180 ቀን መቁጠር ጠፍቶኛል። «የልጅ ጨዋታ እኮ ነው» ብያት ነበር።

«እማዬ…» አልሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልመጣልኝም።

እናቴ የቀረውን ኬክ አየች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር።

«አባትህ ደግሞ ዱባ አይወድም ነበር» አለችና ሳቀች። «የዱባ ወጥ በሠራሁ ቀን ጎረቤት ጠርቶኛል ብሎ ይወጣል። አርባ ዓመት ሙሉ! የትኛው ጎረቤት እንደ ሆነ እንኳ ተናግሮ አያውቅም።»

ከሐምሌ ጀምሮ አባቴ በዚህ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን ኮቱን ደርቦ፣ ዱባ ሸሽቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሲወጣ አየሁት። ሳቅሁ። ልጄም ሳይገባት ሳቀች። ጎረቤታችን ምን እንደ ተባለ ሳይነገራቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እናቴ ወደ ልጄ ዞረች። «ያንን ወረቀት ሌላ ሥሪ» አለቻት። «ግን በመኝታ ቤትሽ በር ላይ ለጥፊው። እኔ በዚያ በኩል አላልፍም።» ይህ ዕርቅ ነው ወይስ የድንበር ስምምነት እስካሁን አላውቅም። ልጄ ግን «እሺ እማማ» አለች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። አንድ አንበሳ፣ አንዲት ንግሥትና ምን እንደ ሆነ ያልለየነው አንድ ሕፃን ከረጢታቸውን ከፍተው ቆመዋል። እናቴ ለአፍታ አየቻቸው። «ቡሄ ነው እንዴ?» አለች፤ የጎንደር ልጆች በነሐሴ ዱላቸውን እየደቁ ሙልሙል ለመቀበል ደጇ ሲቆሙ ሳይታያት አልቀረም። የከረሜላውን ሰሐን አንሥታ በእፍኟ ትዘግን ጀመር። ልጄ ደንግጣ ቀሚሷን ያዘች።

«እማማ፣ አንድ አንድ ብቻ! ቆጥረሽ!»

«በማርያም ዕለት ቆጥሬ አልሰጥም» አለች እናቴ። «ቆጥሮ የሚሰጥ አባትሽ ይበቃል።»

ከረሜላው ከአንድ ሰዓት በፊት አለቀ። መብራቱን አጥፍተን ኬኩን ጨረስነው። የመጨረሻዋን ቁራሽ እናቴ ሌሊት ሥራ ላይ ላለችው ባለቤቴ ጠቀለለችላት። እኔም ከመተኛቴ በፊት ኪሴ ውስጥ በቀረ የባንክ ወረቀት ጀርባ ላይ ይህችን ጻፍሁ፦

ቀኑን ሙሉ ስቆጥር የሌላውን ሰው ብር፣
አንድ መቶ ሰማንያ ከእጄ አምልጦ ነበር፤
እናቴ ግን ቆጥራ ጥቁር ተከናንባ፣
ሒሳቤን ዘጋችው በአንድ ቁራሽ ዱባ።